«ላልተወሰነ ጊዜ ታግደሃል» የተባለው ልጅ፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሥልጣን እስከ የት ነው?

ጥያቄውን የላኩት በሜሪላንድ የሚኖሩ እናት ናቸው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦ «ልጄ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ በአንደኛው ዲቪዚዮን ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ለጠዋት ልምምድ ሁለት ጊዜ አርፍዷል፣ ከክፍልም ቀርቷል። አሰልጣኙ መጀመሪያ ከንጋቱ 11 ሰዓት እያስነሳ አስሮጠው። ቀጥሎ በእሱ ጥፋት ቡድኑን በሙሉ አስሮጠ። አሁን ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ አግዶታል። ብደውል ስልክ አያነሳም። ዩኒቨርሲቲውም ስለ ተማሪው ልንነግርዎ አንችልም ይለኛል። አባቱ ‹ይቅጣው፣ ሰው ያደርገዋል› ይላል፤ እኔ ግን ስኮላርሺፑን ይነጥቀዋል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ልጻፍ? ወይስ ልጁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይፈልግ?»

ደብዳቤውን አይጻፉ፤ ልጁም አሁን ዩኒቨርሲቲ አይቀይር። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፦ የመጫወቻ ጊዜው፣ አካሉና የትምህርት ገንዘቡ። አሰልጣኙ በመጀመሪያው ላይ ንጉሥ ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ላይ ገደብ ተበጅቶለታል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ብዙ ወላጆች ከሚፈሩት በጣም ያነሰ ሥልጣን ነው ያለው። ስጋትዎ ያረፈው በሦስተኛው ላይ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከንግሥናው ልጀምር። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ከቡድኑ ጋር ይጓዝ የሚለው ውሳኔ የአሰልጣኙ ብቻ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ማብራሪያ የመስጠት ግዴታም የለበትም። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው አሰልጣኞች ከጩኸትና ከሩጫ ይልቅ በተጠባባቂ ወንበር የሚቀጡት። በ12 ዓመታት ውስጥ 10 ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነው የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ጆን ዉደን ፂምና ረጅም ፀጉር አይፈቅድም ነበር። የዘመኑ ምርጥ ተጫዋች ቢል ዋልተን ፂሙን አሳድጎ መጣና ይህን ማድረግ መብቴ ነው ብሎ ተከራከረ። ዉደን አልጮኸም። በእምነቱ የሚጸና ሰው እንደሚያከብር፣ ቡድኑ ግን ዋልተንን በጣም እንደሚናፍቀው ነገረው። ዋልተን ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ወደ ፀጉር አስተካካይ በረረ። ይህን ታሪክ እስኪሞት ድረስ እየሳቀ ያወራው ራሱ ዋልተን ነበር።

«ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው ቃልም ከሚገባው በላይ አስደንግጦዎታል። በዲሴምበር 2016 የዱክ ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች ግሬሰን አለን ተጋጣሚን በእግሩ ጠልፎ በመጣል ለሦስተኛ ጊዜ ተያዘ። አሰልጣኙ ማይክ ሽሼቭስኪ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው፣ አምበልነቱንም ገፈፈው። እገዳው የቆየው ለአንድ ጨዋታ ነው። በእርግጥ ኮከብ ስለሆነ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ አልከራከርዎትም። ነገር ግን አሰልጣኞች ይህን ቃል የሚመርጡበት ዋናው ምክንያት ቀን ቆርጠው ራሳቸውን ላለማሰር ነው። ልጁ ቶሎ ከታረመ ቶሎ ይመልሱታል፤ ካልታረመ ያቆዩታል። ስለዚህ የእገዳው ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ዋናው ነገር መመለሻ በር መኖር አለመኖሩ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የማርፈዱን ጉዳይ አቅልለው አይተውታል። ከክፍል መቅረቱን ደግሞ በሁለት ቃል አልፈውታል፤ አሰልጣኙን ይበልጥ ያናደደው ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም። በአንደኛው ዲቪዚዮን እያንዳንዱ ባለ ስኮላርሺፕ ተጫዋች በየሴሚስተሩ ለቡድኑ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፦ አንዱ በትምህርቱ ለመጫወት ብቁ ሆኖ በመቆየቱ፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲውን ባለመልቀቁ። የቡድኑ ድምር ከ1000 ከ930 በታች ሲወርድ ቅጣት ይከተላል። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2011 ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2013 በዚህ ነጥብ የተነሳ ከብሔራዊው ውድድር ታግዶ፣ በ2014 ተመልሶ እንደገና ዋንጫ አንሥቷል። የአሰልጣኙ እንጀራ በልጅዎ የክፍል መገኘት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሰው አለ፤ ትምህርቱ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ በክፍሉ በር መስታወት አጮልቆ ያያል፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ወደ ሚቀጥለው ሕንፃ ይሄዳል። ምልክቱም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በቴነሲ የሴቶቹን ቡድን ስምንት ጊዜ ለሻምፒዮንነት ያበቃችው ፓት ሰሚት ተጫዋቾቿ ከክፍል እንዳይቀሩ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች ውጭ እንዳይቀመጡም ትከለክል ነበር። በእሷ ዘንድ የጨዋታ ጊዜያቸውን ጨርሰው የወጡ ተጫዋቾች ሁሉ ተመርቀዋል። ጥብቅነት ሁሉ ግፍ አይደለም።

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡኝ። በቅርጫት ኳስ የተለመደው የቅጣት ሩጫ የመስመር ሩጫ ነው። ተጫዋቹ ከሜዳው ጫፍ ተነሥቶ የቅጣት መወርወሪያውን መስመር ነክቶ ይመለሳል፣ ከዚያ የመሀል መስመሩን፣ ከዚያ የወዲያኛውን የቅጣት መስመር፣ በመጨረሻም የወዲያኛውን የሜዳ ጫፍ ነክቶ ይመለሳል። አንዱ ዙር ከ140 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሰባት ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆምና መዞር አለበት፣ በሰዓት ይለካል፣ ሰዓቱን ያላሟላ ይደግማል። ጤነኛ የሃያ ዓመት ልጅ አራት አምስት ዙር ቢሮጥ ያማርራል እንጂ አይጎዳም። አደጋው ያለው ቁጥሩን የሚወስነው ንዴት ሲሆን ነው።

በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ላይ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ የተባለ አነስተኛ ትምህርት ቤት አምስት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከከባድ ልምምድ በኋላ ሆስፒታል ገብተዋል። ልምምዱ የመጣው ተጫዋቾቹ በጉዞ ላይ ሳሉ የመግቢያ ሰዓት ከጣሱ በኋላ ነበር። ሕመሙ ራብዶማዮሊሲስ ይባላል፤ ከአቅም በላይ የሠራ ጡንቻ ይፈራርስና ፍርስራሹ በደም ተወስዶ ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቶቹ ከተለመደው የልምምድ ድካም የሚለይ ከባድ የጡንቻ ሕመም፣ እብጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት ናቸው። ልጅዎ ይህን ከነገረዎት እስኪነጋ አይጠብቁ፤ አሰልጣኙንም አያስፈቅድ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በነገራችን ላይ እርስዎ ባሉበት ግዛት በ2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ጆርዳን ማክኔር በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከቀናት በኋላ ሞቷል፤ ዋና አሰልጣኙም በዚያው ዓመት ተሰናብቷል። ያ ቅጣት አልነበረም፤ የደከመን ልጅ «ቻለው» ማለት የት እንደሚያደርስ ግን አሳይቷል።

ሕጉ ምን ይላል? የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ማኅበር፣ በምህፃሩ ኤንሲኤኤ፣ በ2019 ባወጣው የደኅንነት መመሪያ የአካል እንቅስቃሴ ለቅጣት መዋል እንደሌለበት በግልጽ አስፍሯል። ብዙ አሰልጣኞች ግን ስሙን ቀይረው «ተጨማሪ የአካል ብቃት ልምምድ» ይሉታል፤ ነገሩ ያው ነው። ሌሎቹ ደንቦች የበለጠ ጥርስ አላቸው። በውድድር ወቅት ግዴታ የሆነ የስፖርት እንቅስቃሴ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ያስፈልጋል። የቅጣት ሩጫም ከዚሁ ሰዓት ላይ ይታሰባል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ልምምድ ማካሄድም ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ልክ 11 ሰዓት ላይ የሚጀምረው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አሁን ገባዎት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ በጤና ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሐኪሙና የቡድኑ የጤና ባለሙያ እንጂ የአሰልጣኙ አለመሆኑ ነው። የጤና ባለሙያው «በቃ» ካለ አሰልጣኙ ሊሽረው አይችልም።

ቡድኑ በአንድ ሰው ጥፋት መሮጡ የቆየ ዘዴ ነው፤ እኔ አልወደውም። ዓላማው ጓደኞቹ ራሳቸው እንዲቆጣጠሩት ማድረግ ነው። በመልበሻ ክፍል ውስጥ ጠንካራ አምበል ካለ ይሠራል፤ ከሌለ ግን ቂምና ማግለል ብቻ ያተርፋል። የሆነ ሆኖ ልጅዎ ያስሮጣቸውን ጓደኞቹን ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ይህን ካላደረገ፣ አሰልጣኙ ቢመልሰው እንኳ ቡድኑ አይመልሰውም።

ስለ አባቱ አባባል። «ይቅጣው» ማለታቸውን እረዳለሁ፤ አስተማሪ ሁለተኛ ወላጅ ነው ብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን በዚህ አገር የኮሌጅ አሰልጣኝ ወላጅ አይደለም፤ በማሸነፍና በመሸነፍ ደመወዙ የሚወሰንለት ተቀጣሪ ነው። እጁን ማንሣት ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ቦብ ናይት በኢንዲያና ለ29 ዓመታት ነገሠ፣ ሦስት ዋንጫ አነሣ፣ በ1985 ጨዋታ መሀል ወንበር ወደ ሜዳው ሲወረውር አገር ሁሉ አየው፤ ሥራው ላይ ግን ቆየ። በ1997 ልምምድ ላይ የአንድ ተጫዋችን ጉሮሮ ሲይዝ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2000 በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ በሴፕቴምበር የአንድ ተማሪን ክንድ ያዘ ተብሎ ተባረረ። የራትገርሱ ማይክ ራይስ ተጫዋቾቹን በኳስ ሲመታ፣ ሲገፈትርና በስድብ ሲያዋርድ የሚያሳይ ቪዲዮ የበላዮቹ እጅ ገብቶ ነበር፤ በ2012 መጨረሻ ሦስት ጨዋታ አግደውና በገንዘብ ቀጥተው አለፉት። በኤፕሪል 2013 ቪዲዮው ለሕዝብ በታየ ማግሥት ከሥራ ተባረረ፤ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊም በቀናት ውስጥ ተከተለው። በራትገርሱ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አለቆቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። ማስረጃ በጽሑፍ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጩኸት ግን ሌላ ነገር ነው። በማርች 2019 የሚሺጋን ስቴቱ ቶም ኢዞ በብሔራዊው ውድድር ላይ አሮን ሄንሪ የተባለውን ወጣት ተጫዋቹን ጣቱን እየቀሰረ ሲጮኽበት ጓደኞቹ መሀል ገቡ። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ሄንሪ ግን አሰልጣኙን ደገፈ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት እስከ መጨረሻዎቹ አራት ዘለቀ። በአጨዋወት ላይ መጮህ የተለመደ ነው፤ በዘር፣ በትውልድ አገር፣ በሃይማኖት ወይም በአነጋገር ዘዬ ላይ መሳደብ ግን ዲሲፕሊን ሳይሆን አድልዎ ነው፤ የሚታየውም በሌላ ቢሮና በሌላ ሕግ ነው። መጮህ ይጠቅማል ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ1974 እስከ 75 በነበረው የውድድር ዘመን የዉደንን ልምምድ ተቀምጠው ቃል በቃል ቆጥረውታል። ከንግግሩ ሦስት አራተኛ የሚያህለው ምን እና እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መመሪያ ነበር፤ ሙገሳውም ወቀሳውም እያንዳንዳቸው ከመቶ ሰባት አይሞሉም። ዉደን በዚያው ዓመት አሥረኛውን ዋንጫ አንሥቶ ጡረታ ወጣ።

አሁን እንቅልፍ የነሳዎት ጉዳይ። ስኮላርሺፕ ከ1973 ጀምሮ ለረጅም ዘመን በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ አሰልጣኝ ያልወደደውን ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ላያድስለት ይችል ነበር። የወላጆች ፍርሃት የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ከ2015 ወዲህ በአምስቱ ትልልቅ ሊጎች፣ ከኦገስት 2024 ወዲህ ደግሞ በአንደኛው ዲቪዚዮን በሙሉ፣ በስፖርታዊ ምክንያት፣ ማለትም ደካማ ተጫወተ ወይም ተጎዳ ተብሎ እርዳታው አይቀነስም፣ አይነሣም። ሊነሣ የሚችለው ልጁ በትምህርቱ ወድቆ ብቁ ካልሆነ፣ ሐሰተኛ መረጃ ከሰጠ፣ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ከፈጸመ ወይም በራሱ ፈቃድ ቡድኑን ከለቀቀ ነው። የሥነ ምግባሩን ጥፋት የሚወስነው አሰልጣኙ ሳይሆን ማንኛውንም ተማሪ የሚዳኘው የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን አካል ነው። ውሳኔው ቢመጣም ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ባለ ኮሚቴ ፊት የመሰማት መብት አለው። ሁለት ቀን በማርፈድ ስኮላርሺፕ አይነጠቅም። በተደጋጋሚ ከክፍል በመቅረት ግን ሊነጠቅ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቀሚው ውጤቱ እንጂ አሰልጣኙ አይሆንም።

ከዝርዝሩ ውስጥ የመጨረሻዋን ምክንያት ደግመው ያንብቡ፦ በራሱ ፈቃድ ቡድኑን ከለቀቀ። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ አሰልጣኝ ልጁን ማባረር ስለማይችል ልጁ ራሱ እንዲሄድ ኑሮውን ያከብድበታል፤ ጠዋት ያስሮጠዋል፣ ከልምምድ ያገለዋል፣ ከጓደኞቹ ይለየዋል። አንድ ቀን ልጁ ተናዶ «በቃኝ፣ አልጫወትም» ይላል ወይም በስልክ መልእክት ይጽፋል። ያቺ መልእክት ስኮላርሺፑን ለመሰረዝ ትበቃለች። ልጅዎ ምንም ቢናደድ ይህን ቃል እንዳይናገር፣ እንዳይጽፍም ዛሬውኑ ይንገሩት።

ማረሚያውን ቅጣት ከማባረሪያው የምንለየው በክብደቱ ሳይሆን በመጨረሻው ነው። የሚያርም አሰልጣኝ ልጁ ምን ሲያደርግ እንደሚመለስ ይነግረዋል፦ ይህን ያህል ሳምንት ሳያረፍድ፣ ሳይቀር፣ ከጥናት ሰዓት ሳይጎድል። የሚያባርር አሰልጣኝ ወይ አይመልስለትም፣ ወይ በየሳምንቱ አዲስ ቅድመ ሁኔታ ያመጣል።

ዩኒቨርሲቲው ዝም ያለዎት ንቆዎት አይደለም። በ1974 የወጣው የተማሪዎችን መዝገብ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ኮሌጅ የገባን ተማሪ መብት ለራሱ ለተማሪው ሰጥቶታል። እርስዎ በግብር ሰነድዎ ላይ ጥገኛ አድርገው ቢያስመዘግቡት እንኳ ዩኒቨርሲቲው ሊነግርዎ ይችላል እንጂ አይገደድም። ልጁ የፈቃድ ቅጽ ከፈረመ ነገሩ ይቀላል፤ ያስፈርሙት። አሰልጣኙ ግን ያኔም ስለ መጫወቻ ጊዜ ከወላጅ ጋር አይነጋገርም። የሃያ ዓመት ልጅ እናቱ ስትደውልለት በአሰልጣኙ ዓይን ያንሳል፤ ይህ ለእኛ የፍቅር፣ ለእነሱ የድክመት ምልክት ነው፤ ትክክል ነው አላልኩም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ስለ ዝውውር ባጭሩ። ከ2024 ወዲህ ትምህርቱ የተስተካከለ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ደጋግሞ መዛወር ይችላል፤ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የዝውውር መዝገቡ የሚከፈተው በተወሰነ ጊዜ ነው፣ ስሙን ካስመዘገበ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሚቀጥለውን ሴሚስተር እርዳታ የማቆም መብት ያገኛል። አዲሱ አሰልጣኝም መጀመሪያ የሚደውለው ለአሁኑ አሰልጣኝ ነው። በእገዳ ላይ ያለ ልጅ ከእገዳው ሳይወጣ ገበያ አይወጣም። ከጁላይ 2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ጀምረዋል፤ ልጅዎ እንዲህ ያለ ውል ፈርሞ ከሆነ ውሉን ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ፣ የስኮላርሺፕ ጥበቃው የውል ገንዘቡን አይሸፍንምና። በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ ደግሞ ማንኛውንም ትምህርት ከማቋረጡ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ያማክር፤ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት መውረድ ከስፖርት የሚከፋ መዘዝ አለው።

ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ልጅዎ ራሱ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ለአሰልጣኙ አጭር ኢሜይል ይጻፍ። ያረፈደባቸውን ቀኖች ይመን፤ «ትራፊክ ነበር» የምትል ሐረግ አትግባበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ለመመለስ ምን ማሟላት አለብኝ፣ እስከ መቼስ? በአካል ቢያገኘው እንኳ የተባለውን በዚያው ቀን በኢሜይል ያረጋግጥ። ያን ጊዜም ከንጋቱ 11 ሰዓት ልምምድ ከተጠራ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ይገኝ፤ ስንት ሰዓት እንደሮጠ፣ የጤና ባለሙያ ይኑር አይኑር፣ ማን ምን እንዳለ በቀኑ ይመዝግብ። እርስዎ የስኮላርሺፑን ሰነድና ልጁ የፈረመውን የቡድን ደንብ ቅጂ ይሰብስቡ። የመመለሻ ቅድመ ሁኔታ ከተሰጠው ጉዳዩ የልጁና የአሰልጣኙ ነው፤ ይተዉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘ ወይም ሁኔታው በየጊዜው ከተቀያየረ፣ ልጁ መዝገቡን ይዞ ወደ ስፖርት ክፍሉ የደንብ ማስከበሪያ ቢሮ ይሂድ፤ እዚያ ካልተደመጠ፣ በየዩኒቨርሲቲው ከመምህራን መካከል የሚመረጥ የስፖርት ተወካይ አለ፤ ደመወዙ ከስፖርት ክፍሉ ስለማይመጣ ሰው ሳይፈራ ይሰማዋል። አካሉ ከተነካ፣ ከተሰደበ ወይም ታሞ እንዲሮጥ ከተገደደ ግን ይህን ቅደም ተከተል ይርሱት፤ በዚያው ቀን እርስዎ ራስዎ ይደውሉ፣ መጀመሪያ ለሐኪም፣ ቀጥሎ ለዩኒቨርሲቲው።